የአድያም ሰገድ ኢያሱ ዐቃቤ ሥራይ



ባለፈው የፍልሰታ ሱባዔ ወደ ገዳማችን ከመጡት ተሳላሚዎች አንዲቱ፥ በሪያድ ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራች እኅት ነበረች። ሥራዋ በዕድሜ የገፉ፥ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ ማስታመም ነው። ሱባዔው ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሳለ መጥታ መስቀል ተሳለመችና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «አባ፥ የማስታምማቸው ሰው በልጅነታቸው ስለሚያውቋቸው የንጉሣቸው ሐኪሞች ደጋግመው ያጫውቱኛል። ሐኪሞቹ ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩ ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ፥ ‹የእናንተንስ ነገሥታት ማን ያክማቸው ነበር?› አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ።»

እኔም ዕውቀት የሞላልኝ መስሎኝ ቶሎ መለስሁ። «ልጄ፥ ጠበሉ፥ እምነቱና የአገሩ ባለ መድኃኒት ነበረ። በጎንደር ዘመን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለዐፄ ኢያሱ መጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን ሰላይ ነው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ንጉሡስ ዳኑ?» አለች። «ዳኑ ይባላል» አልኋት። «ታዲያ ካዳናቸው ሰላይ የሚሉት ስለ ምን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የባሰው ደግሞ ይህንኑ ቃል ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ዓምድ ላይ ጽፌው ነበር። ከመምህሬ የሰማሁትን ሳልመረምር እንዳለ ወስጄ ነበር የጻፍሁት። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ የእኅታችንን ጥያቄ መመለሻ፥ የእኔንም ዕዳ መክፈያ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ግእዙ ሐኪምን «ዐቃቤ ሥራይ» ይለዋል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ሉቃስን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ትርጓሜው መድኃኒት ጠባቂ፥ መድኃኒት ያዥ ማለት ነው። በአማርኛችን ግን «ሥራይ» የሚለው ቃል ወርዶ ወርዶ የጠንቋይ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ቃል እንደ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ የምጽፍለት ሰውም ዕጣው ይኸው ነበር።

ሰውየው ሻርል ዣክ ፖንሴ ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው፥ በካይሮ ከተማ ተቀምጦ መድኃኒት ይቀምም፥ ሕሙማንም ይጐበኝ ነበር። ጠላቶቹ በኋላ «መድኃኒት ቀማሚ እንጂ ሐኪም አይደለም» ብለውታል። ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው የጻፈው ትረካ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1709 ታትሟል፤ በ1949ም ከሌሎች የቀይ ባሕር ተጓዦች ጽሑፎች ጋር ዳግመኛ ወጥቷል። የዚህን ቅጂ ያስገኘችልን ያችው የሪያዷ እኅት ናት። እኔ ፈረንጅኛ ስለማላውቅ ከጎንደር ለክረምቱ የመጣ አንድ ዲያቆን ማታ ማታ እየተረጐመ አነበበልኝ። እኔም በበኩሌ ባሕረ ሐሳቡን ይዤ ቀኖቹን አመሳከርሁ። ከዚህ በታች የምተርከው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

አድያም ሰገድ ኢያሱ (ቀዳማዊ) በነገሡበት ዘመን ንጉሡና ልጃቸው የቆዳ ሕመም ያዛቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩ፥ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሚቀመጡ ንጉሥ ናቸውና ሕመሙ ቀላል ነገር አልነበረም። ንጉሥ ፊቱና እጁ ላይ የታየበት ሕመም የመንግሥት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሐጂ ዓሊ የተባለ ነጋዴ ለሌላም ለሌላም ጉዳይ ወደ ካይሮ ሲወርድ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዙት። ሐጂ ዓሊ ራሱ ታሞ በፖንሴ እጅ ድኖ ነበርና የሚያውቀውን ሐኪም መረጠ።

አንባቢ እዚህ ላይ ያስተውል። ይህ የሆነው የዚሁ ንጉሥ አያት ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ ገና ሰባ ዓመት ሳይሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ገብተው ተሰቅለዋል። «ፈረንጅ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ጆሮ የሃይማኖት ጠብ፥ የወንድማማች ደም ማለት ነበር። ንጉሡ ከዚያው ወገን ሐኪም ማስጠራታቸው ለሥጋቸው መድኃኒት ሲሹ ዙፋናቸውን ማስያዛቸው ነው።

ፖንሴም ብቻውን አልመጣም። በካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል፥ ደ ማዬ የተባለው፥ ዕድሉ እንዳያመልጥ ብሎ ደ ብሬቭዳን የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን አስከተለው። ካህኑ ስሙን ለውጦ፥ የሐኪሙ አሽከር መስሎ፥ ዮሴፍ ተብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1698 ከካይሮ ወጥተው፥ ከዓባይ በስተ ምዕራብ ያለውን በረሓ አቋርጠው፥ በዶንጎላ አድርገው ወደ ስናር ደረሱ። በስናር ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ደጋው ሲወጡ ሁለቱም ታመሙ። ከጎንደር የግማሽ ቀን መንገድ ያህል በምትርቅ ባርኮ በተባለች ቦታ ካህኑ ሞተ። ቀኑን ፖንሴ ጁላይ 9 ቀን 1699 ይለዋል።

እዚህ ቀን ላይ ስደርስ ዲያቆኑን ንባቡን አስቁሜ ቀለምና ወረቀት አነሣሁ። ዛሬ ጁላይ 9 ብንል ሐምሌ 2 ነው። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ፈረንጆች በ1700፥ በ1800 እና በ1900 የካቲታቸውን 29 ሳያደርጉ ስላለፉ፥ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲህ በሦስት ቀን ሰፍቷል። ይህን መልሰን ስንቈጥረው ያ ቀን ሐምሌ 5 ቀን 1691 ዓ.ም. ይሆናል። የሐምሌ 5 ነገር ለእናንተ አይነገርም፤ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ዕረፍት፥ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነው። የሮሙ ካህን በአሽከር ልብስ ተሸፍኖ የሞተው፥ በጎንደር ዙሪያ ያሉ አድባራት ሁሉ ለሁለቱ ሐዋርያት ማኅሌት ቆመው ባደሩበት ዕለት ነው። ፖንሴ ይህን አላወቀም፤ በጽሑፉም የለም።

ሌላም አለ። ዓመተ ዓለሙ 7191 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፥ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነው። ዐቃቤ ሥራዩ ጎንደር የገባው በዐቃቤ ሥራዩ ወንጌላዊ ዘመን ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ከአኀው አንዱ «ትንቢት ነው» አለ። ትንቢት አይደለም፤ ከአራት ዓመት አንዱ ዘመነ ሉቃስ ነው። ግን ደስ አለኝ፥ ደስ ማለቴን አልደብቅም።

ፖንሴ ከሕመሙ ጥቂት አገግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21፥ በእኛ ሐምሌ 17 ቀን ጎንደር ገባ። ክረምቱ የጠና፥ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት የቀረው ጊዜ ነው። ንጉሡንና ልጃቸውን አከመ፤ ዳኑ። ስለ መድኃኒቱ ብዙ አይናገርም፥ ባለ መድኃኒት ሁሉ እንደሚያደርገው። ስላየው ነገር ግን ይናገራል። ስለ ቤተ መንግሥቱ፥ ስለ ከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት ብዛት፥ ንጉሡ በእመቤታችን በዓለ ፍልሰታ ለቍርባን ሲሄዱ ሠራዊቱ በግቢው ስለ መሰለፉ ጽፏል። ስለ ቡናም ጽፏል፤ ተክሉ ወደ የመን የተወሰደው ከኢትዮጵያ ነው ይላል። ይህን የሪያዷ እኅት ስትሰማ፥ ቡና የዐረብ ነው ብለው ለሚከራከሯት ሽማግሌ ወዲያው ደውላ ነገረች።

ሰውየው ስለ ሃይማኖታችን የጻፈው ሁሉ ትክክል አይደለም። የሚያየው በራሱ ወገን መነጽር ነው፤ ሕዝቡ ወደ ሮም ለመመለስ የተዘጋጀ አድርጎ የሚያቀርብበት ቦታ አለ፥ ይህ የላኪዎቹ ምኞት እንጂ የጎንደር እውነት አይደለም። በዚያ ዘመን የጎንደር ሊቃውንት ይከራከሩ የነበረው ስለ ቅባትና ስለ ተዋሕዶ ነው፤ ሮም በመካከሉ አልነበረችም።

አብሯቸው ዐቢይ ጾምንም አሳለፈ። የ1692 ዓ.ም. ወንበሩ 9፥ አበቅቴው 9፥ መጥቅዑ 21፥ መባጃ ሐመሩ 26 ነው፤ ፋሲካው ሚያዝያ 5 ይውላል። በፈረንጆቹም አቈጣጠር በዚያ ዓመት ትንሣኤ ኤፕሪል 11 ነበር፥ ያው አንድ ቀን ነው። እንግዳውና አስተናጋጆቹ በአንድ ሌሊት ፋሲካ አከበሩ። ልክ በሦስተኛው ሳምንት፥ እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን፥ ፖንሴ ንጉሡን ተሰናብቶ ከጎንደር ወጣ።

የመልስ ጉዞው በትግራይና በባሕረ ነጋሽ አገር በኩል ነበር። በደብረ ቢዘን ያየውን ነገር የገዳማችን አባቶች ደጋግመው አስነብበውኛል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የወርቅ ዘንግ ምንም ሳይደግፈው በአየር ላይ ቆሞ አየሁ ይላል። ማታለያ ይሆናል ብሎ ስለ ጠረጠረ፥ አስፈቅዶ በምርኵዙ ዙሪያውን፥ ላይና ታቹን ዳሰሰ፤ የሚይዘው ነገር አላገኘም። ነገሩ ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ ፊልጶስ ጋር እንደሚያያዝ መነኮሳቱ ነገሩት። በአውሮጳ ይህች አንዲት አንቀጽ ለፖንሴ ትልቅ መከራ ሆነችበት። «በአየር የቆመ ዘንግ አየሁ የሚል ሰው ጎንደርን አየሁ ቢል ማን ያምነዋል?» የሚሉ በዙ። እኔ ስለ ተአምሩ አልከራከርም። የማስተውለው ሌላ ነው። ሊዋሽ የፈለገ ሰው ሐሰቱን ለአንባቢው እንዲጣፍጥ አድርጎ ያበጃል እንጂ፥ ራሱን የሚያስቅበትን ነገር በምርኵዝ ፈትሼ አጣሁ ብሎ አይጽፍም። ይህች አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ እንዳምነው አደረገችኝ።

ከምጽዋ በባሕር ወደ ጅዳ ተሻገረ። ከንጉሡ የተላከ ሙራድ የሚባል አርመናዊ መልእክተኛ በኋላ እንዲደርስበት ተቀጣጥረው ነበርና በጅዳ ጠበቀው፥ በኋላም በደብረ ሲና ቆየ። ለፈረንሳይ ንጉሥ ገጸ በረከት የታሰበው የዝሆን ግልገል በመንገድ ሞተ፤ የተረፈው ጆሮው ነው። በ1701 ካይሮ ሲገቡ ቆንስሉ ሙራድን መልእክተኛ ነህ አይደለህም በሚል አዋከበው። ፖንሴ እስከ ፓሪስ ደርሶ ያየውን ቢናገር፥ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ታሪክ እናውቃለን የሚሉ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ረኖዶ የተባለው፥ ነቀፉት። ቆንስሉ ደ ማዬም ሌላ መልእክተኛ አስላከ፤ ዱ ሩል የተባለው ያ ሰው ጎንደርን ሳያይ በ1705 በስናር ተገደለ። ፖንሴ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ሊመለስ ሞክሮ አልሆነለትም። ወደ የመን፥ ከዚያ ወደ ሕንድ ሱራት፥ ከዚያ ወደ ፋርስ አገር ሄዶ በኢስፋሃን ሞተ። ያዳናቸው ንጉሥም በ1706 በጣና ደሴት በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ተገደሉ፤ ዐፅማቸው በምጽራሐ ዐረፈ።

ከሰባ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። እርሱም በቍስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታሞ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አገኘ። ብሩስ ፖንሴ በእውነት ጎንደር እንደ ነበረ መሰከረለት። አገሩ ሲመለስ ግን ብሩስንም ውሸታም አሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ መጡት፥ ስለ ዐፄ ምኒልክ ሐኪም ስለ ጓዴሉፑ ዶክተር ቪታሊየን፥ ከመቅደላ በሕፃንነቱ ተወስዶ ሐኪም ሆኖ ስለ ተመለሰው ስለ ሐኪም ወርቅነህ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ይህን ሁሉ ከጨረስሁ በኋላ ለእኅታችን በስልክ ነገርኋት። እርሷም በፈንታዋ የሪያዱን ሽማግሌ ታሪክ አጫወተችኝ፤ እኔም አጣራሁት። ሪያድ ሃይማኖቷን አጥብቃ የምትጠብቅ፥ የውጭ ሰው በቀላሉ የማይገባባት ከተማ ነበረች። ሆኖም የነጅድ ገዢ ዐብዱልዐዚዝ (ኢብን ሳዑድ) እ.ኤ.አ. በ1917 በባሕሬን ከነበረው የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ፖል ሐሪሰን የተባለ ክርስቲያን ሐኪም አስጠሩ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፥ ኅዳር 12 ቀን የምናጥንበት ያ ወረርሽኝ፥ አዲስ አበባን ባጠቃበት ዘመን ሪያድንም አጥቅቶ ነበር፤ የገዢው የበኵር ልጅ ቱርኪ የሞተው በዚያ ነው። በ1936 ደግሞ ረሻድ ፈርዖን የተባለ ሐኪም ከደማስቆ መጥቶ የንጉሡ ሐኪም ሆነ፤ በኋላም በፓሪስ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኗል። ሽማግሌው በልጅነታቸው ያውቁት የነበረው ይህንኑ ነው።

ጎንደርና ሪያድ በዚህ ይመሳሰላሉ። ካህናቱና ሼኮቹ በሩን ዘግተውታል፤ ንጉሡ ግን ታሟል። የታመመ ሰው የሚከፍተውን በር ጤነኛ አይከፍተውም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት የተናገረውን የምታውቁ አበው ንጉሡን አትፈርዱባቸውም።

ቀጥዬ ለእኅታችን፥ «ፖንሴን ሰላይ ማለቴን ትቻለሁ። ካህን በአሽከር ስም ደብቆ ማስገባቱን ግን አልተወውም፤ ንጉሡ ሐኪም እንጂ ሰባኪ አላስጠሩምና ማታለል ነው» አልኋት። ይህን የነገርኋት ከእኔ ጋር ትስማማለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ዝም አለች። ቆይታ፥ «አባ፥ እኔም ማዕተቤን ከልብሴ ሥር ደብቄ ነው የምኖረው። ጸሎቴን በሹክሹክታ ነው የማደርሰው። በዚህ ከተማ የምሳለመው ቤተ ክርስቲያን የለኝም» አለች።

«ልጄ፥ እርሱ የደበቀው ሊገባበት ነው፥ አንቺ የደበቅሽው ሠርተሽ ልትኖሪ ነው፤ አንድ አይደለም» አልኋት። አሁንም አንድ አይደለም እላለሁ።

«አይደለም» አለች፤ «ግን ሲሞት ለማን ተናዘዘ? ሐኪሙ ካህን አልነበረምኮ።»

ይህን ጥያቄ በጽሑፉ ውስጥ ስንት ሌሊት ሳነብ አላሰብሁትም። ካህኑ በባርኮ ሲያጣጥር አጠገቡ የነበረው አንድ የታመመ ባለ መድኃኒት ብቻ ነበር። ዙሪያውን የከበቡት ካህናት ጠላቶቹ ናቸው ብሎ የሚፈራቸው ናቸው፤ እነርሱም አያውቁትም፥ ቢያውቁትም አይናዝዙትም። ያም ሐኪም ንጉሥ ሊያድን ሺህ ምዕራፍ ተጉዞ አንድ ባልንጀራውን ሳያድን፥ ሬሳውን አስቀብሮ፥ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተነሥቶ ወደ ሥራው ገባ።

እኔ የጻፍሁትን አርሜያለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ ዓምድ ስለ ፖንሴ የወጣውን ያስቀመጣችሁ፥ «ሰላይ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ሐኪም» በሉት፤ ስለ ደ ብሬቭዳን የተጻፈውን ግን እንዳለ ተዉት። በጎንደር አካባቢ ያላችሁ ተሳላሚዎች ደግሞ፥ ባርኮ የሚባለውን ስፍራ ዛሬ በምን ስም እንደሚጠራ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። እኅታችን ለመጪው ፍልሰታ ፈቃድ ካገኘች ልትመጣ ነው፤ እርሷም ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ ብላለች።

ይቆየን።